ክረምቱን ለልጆቻችን እምነት ማን ያስተምራቸው? ትምህርት ቤቱ ወይስ ቤታችን? (ሐዋሳ)

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ ወላጆች። ይሄን ለመጻፍ ሳምንት ሙሉ ሳመነታ ነው የከረምኩት። ልጄ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ጨረሰ፣ ከኬጂ ጀምሮ የተማረው ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው፣ በውጤቱም በጸባዩም ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆነን አባ ቅዱስ ቁርባኑን ከፍ ሲያደርጉ የምንበረከከው ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። አሰበ አሰበና ሰው ሁሉ ስለሚንበረከክ እንደሆነ ነገረኝ። በቃ መልሱ ይሄው ነበር። ቀዳሚ ቁርባን ከተቀበለ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ያኔ ነጭ ልብስ አሰፍተን ዶሮ ሠርተን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተን ነበር። እውነቱን ለመናገር የዛን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ሐምሌ ገባ። ሁላችንም ልጆቻችንን ቱቶሪያል አስመዝግበናል፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ኮምፒውተር፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ። ቁምስናችን (የሰፈራችን ካቶሊክ ቤተክርስቲያን) የሚሰጠው የክረምት ትምህርተ ክርስቶስ ደግሞ ለሦስት ሳምንት በሳምንት ሦስት ጠዋት ነው፣ ሁለት ሁለት ሰዓት። ደመርኩት፣ 18 ሰዓት ይሆናል። ዝናብ ከመጣና ልጁ ከቀረ ደሞ ከዛም ያንሳል። የኔ ሀሳብ እንዲህ ነው፣ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶቻችን ግቢያቸው በክረምት ባዶ ነው፣ ክፍሉም ሰሌዳውም ወንበሩም አለ፣ የመጀመሪያ ሥራቸው እኮ እምነት ማስተማር ነው፣ ታዲያ ክረምቱን ለምን ሙሉ በሙሉ ለዚህ አይከፍቱትም? ትስማማላችሁ ወይ? ቤታችሁስ ምን ታደርጋላችሁ?

(ይሄን ከጻፍኩ በኋላ ውይይቱ በጣም ረዘመ፣ መሃል ላይ የገቡ ሰዎችም ተቸገሩ። ስለዚህ የተባለውን ከላይ ጀምሬ በራሴ አነጋገር ላስቀምጥላችሁ። ስም አልጠራም፣ ቁጥሩ የመልሱ ተራ ነው።)

መልስ 1። የመጀመሪያዋ የታቦር ክፍለ ከተማ እናት ናት፣ በጣም በትህትና ነው የጻፈችው። የሷ ሴት ልጅ አራተኛ ክፍል ሆና አባታችን ሆይን በእንግሊዝኛ ያለ ስህተት ትጨርሰዋለች፣ በአማርኛ ሲሆን ግን መሃል ላይ ይጠፋባታል፣ ምክንያቱም የለመደችው ሰልፍ ላይ በእንግሊዝኛ ነው። ከአያቷ ጋር አብራ መጸለይ አለመቻሏ በጣም እንደሚያሳዝናት ነገረችን። በሀሳቤ ሙሉ በሙሉ ተስማማች።

መልስ 2። ይሄኛው ሕግ የተማረ ሰው ይመስለኛል። አካሄዴን አረመኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንደሚሰጥ እንደተደነገገ፣ ስለዚህ ቤተክርስቲያን የምታስተዳድረው ትምህርት ቤትም ቢሆን በመደበኛ ፔሬድ ትምህርተ ክርስቶስ እንደ አንድ ሰብጀክት ሊሰጥ እንደማይችል አስረዳ። ልጆቻችን ክፍል ውስጥ የሚያገኙት ግብረገብ ነው፣ ግብረገብና እምነት ደግሞ አንድ አይደሉም። ቀጥሎ ግን አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 4ን አመጣ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት መሠረት እያስተማሩ የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይላል። መብቱ የወላጅ ነው፣ የትምህርት ቤቱ አይደለም፣ ይሄን ደጋግሞ ነው የጻፈው። ትምህርት ቤቶቹን ችግር ውስጥ እንዳንከታቸውም ለመነን።

መልስ 3። መምህር ነው፣ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት አስተምሯል። ከመልስ 2 ጋር ተስማምቶ የራሱን ጨመረበት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኩ በአገር ደረጃ 0.7 ከመቶ እንደነበር አስታወሰን፣ እሱ የሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ ካቶሊክ የሆኑት ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ሌላው ፕሮቴስታንት ነው ኦርቶዶክስ ነው ሙስሊም ነው። እነዛ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚያመጡት ማንም ልጃቸውን እንደማይጎትትባቸው አምነው ነው፣ ያንን እምነት ማፍረስ ነውር እንደሆነ ጠንከር አድርጎ ተናገረ። ግቢውን ቁምስናው ቢዋሰው ግን፣ በፈቃደኝነት፣ ለካቶሊክ ልጆች ብቻ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ፣ ምንም ክፋት አላየበትም። ይሄ ሀሳብ ለኔ ገባኝ።

መልስ 4። እዚህ ጋ ድምፁ ተቀየረ። ይሄ አባት የተናደደ ሰው ነው። በር ላይ የእመቤታችን ሐውልት፣ ግድግዳው ላይ የቅዱሳን ሥዕል፣ ስሙ የቅዱስ ስም፣ ከዛ በኋላ ውስጡ ከሌላው የግል ትምህርት ቤት ምን እንደሚለየው ጠየቀ። ክፍያ ሲጨምር የሚያክለው የለም፣ ስለ እምነት ሲጠየቅ ግን ሕግ ይጠቀሳል። መልስ 2ን ፈሪ አለው፣ ይሄ ልክ አልነበረም።

መልስ 5 እና 6 ስለ ክፍያና ስለ ዩኒፎርም ዋጋ ነው፣ ዘለልኩት።

መልስ 7። አንዲት እህት ቀዝቀዝ አድርጋ መለሰችን። እኔ መነሻዬ ላይ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ሥራ እምነት ማስተማር ነው ማለቴን አንስታ ቅደም ተከተሉን እንዳዛነፍኩት አሳየችኝ። የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው ሰነድ የልጆች የመጀመሪያና ዋና አስተማሪ ወላጆች እንደሆኑ፣ ይሄ ቤት ውስጥ ከጎደለ በሌላ ለመተካት በጣም ከባድ እንደሆነ ጽፏል። ትምህርት ቤቱም ቁምስናውም ረዳት ናቸው። ሰነዱ ትምህርት ቤቱን አያቃልልም፣ ግን ቤቱን አይተካውም።

መልስ 8 የኔ ነው። እህቴ ልክ ነሽ አልኳት፣ ስህተቴን ተቀበልኩ። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም ነበር፣ ቤት ውስጥ እንዴት ነው የሚደረገው? እኔ እኮ ራሴ የተማርኩት ሸምድጄ ነው፣ ልጄ ለምን ሲለኝ ብዙውን ጊዜ መልስ የለኝም።

መልስ 9። ይሄን ደጋግማችሁ አንብቡት። የጻፉት በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፣ የተወለዱት ሲዳማ ገጠር ነው፣ ኮምቦኒ የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1964 ሲመጡ ገና ትንሽ ልጅ ነበሩ። ያኔ ትምህርት ቤት የሚባል በአካባቢው እንዳልነበረ፣ ካቴኪስቱ (የእምነት አስተማሪው) በክረምት ጭቃ በባዶ እግሩ ከመንደር መንደር እየሄደ እንሰት ሥር ሰብስቦ በሲዳምኛ እንዳስተማራቸው ተረኩልን። ጥምቀት ዝም ብሎ አይሰጥም ነበር፣ ዓመታት ተምረው ተጠይቀው ነው። የሳቸው አባት ማንበብ መጻፍ አይችሉም፣ ገናም አልተጠመቁም። ግን ማታ ማታ እሳት ዳር ዋሳው (የእንሰት ምግቡ) እየተበላ ካቴኪስቱ ዛሬ ምን እንዳለ ልጃቸውን ይጠይቃሉ። ልጅ ይናገራል፣ አባት ያዳምጣሉ፣ ያልገባቸውን መልሰው ይጠይቃሉ፣ ልጁ ካላወቀ በሚቀጥለው ቀን ካቴኪስቱን ጠይቆ እንዲመጣ ይልኩታል። እንደዚህ ሆኖ አባትየው ከልጃቸው ተምረው ከልጃቸው በኋላ ተጠመቁ። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ለኔ ነው የጻፉት፣ መልስ ስለሌለኝ እንዳልፈራ፣ አባታቸው አንድም መልስ እንዳልነበራቸው፣ የነበራቸው ጥያቄ ብቻ እንደሆነ፣ እሱንም አንድም ማታ እንዳልተዉት። እኔ ይሄን ሳነብ ልጄን ጠርቼ አስነበብኩት።

መልስ 10 እና 11። ከዚህ ተነስቶ ወሬው ወደ ቋንቋ ሄደ። አንዱ የከተማ ልጆች ሲዳምኛ ስለማይችሉ ክረምት አያታቸው ጋ ሲሄዱ የገጠሩ ጸሎት ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ቁጭ እንደሚሉ ጻፈ። ሌላዋ ወላይታ ናት፣ የሷም ልጆች ያው እንደሆኑ።

መልስ 12። ይሄኛው ጉራጌ ነው፣ በየክረምቱ ልጆቹን እምድብር አያታቸው ጋ ይልካቸዋል። ልጁ እዛ ቅዳሴው በግዕዝ፣ በከበሮና በጸናጽል ሆኖ ሲያይ ሌላ ሃይማኖት ውስጥ የገባ መስሎት ደንግጦ ደወለለት። ሰውየው በስልክ ሊያስረዳው ሞክሮ አቅቶት ነበር። ለማያውቁት እኔ ልጨምር፣ አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብር እና ባሕር ዳር ደሴ የግዕዝ ሥርዓት የሚከተሉ ሀገረ ስብከቶች ናቸው፣ የኛ የሐዋሳ ቪካሪያት (እንደ ሀገረ ስብከት ያለ ነው) የላቲን ሥርዓት ነው፣ እምነቱ አንድ ነው፣ ጳጳሱም ሮም ያሉት አንድ ናቸው። ይሄን ለአንድ የ10 ዓመት ልጅ ከጉዞው በፊት ቁጭ ብሎ ማስረዳት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፣ ለልጁም ለአባቱም።

መልስ 13። ባሏ ካቶሊክ እሷ ኦርቶዶክስ የሆነች እናት ናት። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ልጆቿ ከሷ ጋር እንደሚጾሙና ገብርኤል እንደሚሄዱ፣ እሁድ ደግሞ ከአባታቸው ጋር እንደሚቀድሱ ጻፈች። ልጆቹ እንዳይምታታባቸው ፈርታ ምክር ጠየቀች።

መልስ 14 በጣም ያሳዘነኝ ነው። አንድ ሰውዬ እናትየዋ ስታገባ ማሰብ እንደነበረባትና ሁለት ቤት የሚያድር ልጅ የትም እንደማያድር ጻፈ። ይሄ ለእናት የሚጻፍ ነገር አይደለም።

መልስ 15። አንዲት ሲስተር (መነኩሲት) ገብተው አረጋጉን። የፍልሰታ ጾም የእመቤታችን እንደሆነና የኛም የግዕዝ ሥርዓት ምዕመናን እንደሚጾሙት አስታወሱን፣ እናትየዋ ልጆቿን ጾም ማስተማሯን አመሰገኑ፣ ምክንያቱም ስንቱ ካቶሊክ ቤት ውስጥ ጾም የሚባል ነገር ከተረሳ ቆየ። ምሥጢራቱን በተመለከተ ግን ባልና ሚስቱ አብረው ቆሞሱን (የቁምስናውን ካህን) እንዲያናግሩ መከሯቸው። መልስ 14ን የጻፈውን ስሙን ሳይጠሩ ገሠጹት፣ እሱም በኋላ ይቅርታ ጠየቀ።

መልስ 16። ይሄ ተማሪ ነው፣ ወደ 11ኛ አልፏል። በዕድሜ ትንሹ እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ግን በጣም ተቆጥቶ ነው የገባው። ክረምት ላይ ቁምስና ሲመጡ የ15 ዓመቱንም የ7 ዓመቱንም አንድ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠው ሥዕል ቀለም እንደሚያስቀቡ፣ ጓደኞቹ አንድ ቀን መጥተው የቀሩት በቲክቶክ ምክንያት ሳይሆን ስለተናቁ እንደሆነ ጻፈ። ካርሎ አኩቲስን ጠቀሰ፣ በ17 ዓመቱ የሞተ፣ ስለ ቅዱስ ቁርባን ተአምራት በኮምፒውተር መረጃ ሰብስቦ ድረገጽ የሠራ ልጅ፣ ዛሬ ቅዱስ ተብሏል። ለነሱ ቀለም መቀቢያ ሳይሆን ሥራ እንዲሰጣቸው ነው የጠየቀው፣ ትንንሾቹን እነሱ ያስተምሩ።

መልስ 17 ዕድሜውን ብቻ አረመ፣ ካርሎ እ.ኤ.አ. በ2006 በደም ካንሰር ሲሞት 15 ዓመቱ ነበር፣ ቅዱስ የተባለው ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ነው። ልጁም በደስታ ተቀበለ፣ ከሱ እንደሚያንስ ሲያውቅ የበለጠ ገረመው።

መልስ 18። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ክረምት ክረምት በፈቃደኝነት ያስተምራል። መልስ 16 እውነት እንደሆነ አመነ። ከስልሳ በላይ ልጅ በአንድ አዳራሽ፣ አስተማሪው ሁለት፣ ለባጃጅ የሚሆን ገንዘብ እንኳ የለም፣ ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲወርድ አይሰማማም፣ ከዛ በላይ ማድረግ አልቻሉም። ፖፕ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2021 የካቴኪስትን አገልግሎት በይፋ እንደ አንድ የቤተክርስቲያን አገልግሎት ማቋቋማቸውን ጠቅሶ፣ እኛ ጋ ግን ካቴኪስት ማለት አሁንም ትርፍ ሰዓት ያለው ልጅ ተደርጎ እንደሚታይ አዝኖ ጻፈ። ያስተምራቸው ከነበረው ውስጥ ልጆቹን የያዛቸው የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ታሪክ ነው፣ የጎጃሙ ሊቅ መነኩሴ፣ እውነትን ሲፈልግ ኖሮ ሚሲዮናዊውን ቅዱስ ዩስጢኖስን አግኝቶ ካቶሊክ የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት ታስሮ የሞተ። ልጆቹ የኛ አገር ሰው መሆኑን ሲሰሙ ዝም አሉ። አንድ ሌላ ነገርም ነገረን፣ ወደ ቤት በሚወስዱት ወረቀት ላይ የተጠመቁበትን ቤተክርስቲያንና የክርስትና አባታቸውን ወይም እናታቸውን ስም ጽፈው እንዲያመጡ አዘዛቸው። ግማሹ ወረቀት አልተመለሰም። ከተመለሰውም ብዙው የክርስትና አባት የሚለው ቦታ ላይ ባዶ ነው።

መልስ 19። እዚህ ጋ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ እናት ናት፣ ብቻዋን ነው ልጇን የምታሳድገው። እስከዛ ድረስ በየመልሱ ማታ ቁጭ ብሎ መጸለይ፣ ማታ መጠየቅ፣ ማታ መቁጠሪያ መድገም ስንል ዝም ብላ ስታነብ ነበር። የሷ ሺፍት ማታ ሲሆን ልጇ ከጎረቤት ጋር እንደሚያድር፣ ቀን ሲሆን ደግሞ ደክማ ገብታ ራት ሳትበላ እንደምትተኛ፣ እሁድም ሁልጊዜ እንደማታርፍ ጻፈች። ስለ ቤተሰብ ስናወራ እሷ የምትኖርበትን ቤት አንዴም እንዳላሰብን በግልጽ ነገረችን። ትምህርት ቤት አይቻልም፣ ቁምስና 18 ሰዓት ነው፣ ቤት ደግሞ ማንም የለም። ታዲያ የሷ ልጅ የት ይማር?

መልስ 20። አንድ ሰውዬ ሥራ እንድትቀይር መከራት።

መልስ 21 እስከ 24 እሱ ላይ የወረደ ቁጣ ነው፣ የሚገባው ነበር፣ ግን ሁለቱ ከልክ አልፈው ስለ ሰውየው ሚስት ሳይቀር ስላነሱ አስተባባሪዎቹ አጥፍተውታል። እኔም በዚህ መሃል እህታችንን ይቅርታ ጠየቅኳት፣ መነሻውን ስጽፍ የራሴን ሳሎን ብቻ ነበር የማየው።

መልስ 25። ነገሩን የለወጠው ይሄ ነው። የጻፈችው የመልስ 7ዋ እህት ናት፣ ተመልሳ መጣች። መልስ 18 ላይ ስለ ባዶው ቦታ የተባለውን አንስታ፣ የክርስትና አባትና እናት ሥራ በጥምቀት ቀን ሕፃን ታቅፎ ፎቶ መነሳት እንዳልሆነ፣ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ሕግ የሆነው ቀኖና ቁጥር 872 ላይ የተጠመቀው ሰው እንደ ክርስቲያን እንዲኖር መርዳት ግዴታቸው እንደሆነ ጻፈች። የመልስ 19ኟ እናት ልጅ የክርስትና እናት አላት ወይ? ካላት የት ናት? ሁላችንም የክርስትና ልጅ አለን ወይ? መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው? በክረምቱ ስምንት ቅዳሜ አለ፣ እያንዳንዳችን አንድ የክርስትና ልጅ ቤት ብንሄድ ወይም ወደኛ ብናመጣ የሽማግሌውን አባት ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ለሁሉም ልጅ ይገኛል። የሕንፃ ችግርም የሕግ ችግርም የለበትም።

መልስ 26። አንዱ አስቸጋሪውን አነሳ። የልጁ የክርስትና አባት ሌላ ቤተ እምነት ከሄደ አምስት ዓመት ሆኖታል፣ ምን ይደረግ? ሌላው ደግሞ ከመጀመሪያውም ወዳጅነት ለማጥበቅ ብለው ፕሮቴስታንት ጓደኛቸውን እንዳቆሙ ተናገረ።

መልስ 27። ሲስተር መለሱ። በቀኖናው ክርስትና የሚያነሳ ሰው 16 ዓመት የሞላው፣ ሜሮን የተቀባ፣ የሚቆርብ ካቶሊክ መሆን እንዳለበት፣ የሌላ ቤተ እምነት ክርስቲያን ከካቶሊኩ ጎን እንደ ምስክር ሊቆም እንደሚችል አብራሩ። የሄደውን ሰው እንዳይጣሉት፣ ለልጁ ግን ከቁምስናው አንድ ጠንካራ ሰው እንዲፈልጉለት፣ ለዚህ ደግሞ የታተመ ወረቀት እንደማያስፈልግ ጻፉ። ቀጥለው ለመልስ 16 ልጅ በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት እንዲመጣ፣ አምስት ትንንሽ ልጆች እንደሚሰጡት ነገሩት። እሺ አለ።

መልስ 28 የኔ ነው፣ ለጊዜው መጨረሻውም እሱ ነው። የልጄን የጥምቀት ካርድ ከሻንጣ ሥር ፈልጌ አወጣሁት። የክርስትና አባቱ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው የሚኖረው፣ በባጃጅ አንድ ጉዞ ነው፣ አራት ዓመት አልተያየንም። ስደውልለት ዝም አለ፣ የተቀየመ መስሎኝ ነበር፣ ከዛ ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ። በዝናብ መጣ። እኔ ቡና እያፈላሁ ስለነበር ሁሉንም አልሰማሁም፣ ልጄ ግን የክርስትና አባቱን፣ በልጅነቱ ይንበረከክ የነበረው እሱም ሰው ሁሉ ስለሚንበረከክ እንደሆነ ሲጠይቀው ሰማሁ። ሰውየው አዎ አለው፣ ከዛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ረጅም ነገር አወራው። ምን እንደነገረው ልጄን አልጠየቅኩትም፣ እሁድ ግን ከፍ ሲደረግ ቀድሞኝ ተንበረከከ።

የመልስ 19ኟ እህታችን ልጅ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ እኛ ጋ ትመጣለች፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ምሳም እዚሁ። ለሁለት ተጨማሪ ልጅ ቦታ አለን። መነኻሪያ ወይም ምሥራቅ አካባቢ ያላችሁ ሺፍት ሠራተኞች በውስጥ ጻፉልኝ።